ኤሬበስና ቴረር፦ ለቦምብ ድብደባ ተሠርተው ወደ ዋልታ የተላኩ መርከቦች (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የብሪታንያ ባሕር ኃይል በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዋልታ ከላካቸው መርከቦች መካከል የኤሬበስንና የቴረርን ያህል ስማቸው የተነሣ፣ የእነርሱንም ያህል ለረጅም ጊዜ የተፈለጉ አይገኙም። ሁለቱም መጀመሪያ የተሠሩት ወደቦችንና ምሽጎችን ለመደብደብ ነበር። ከዚህ በታች ስለ እነዚህ መርከቦችና ስለ ጥቂት መሰሎቻቸው ብዙ ጊዜ ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ ተሰጥቷል። ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጦር መርከብ ወደ በረዶ ባሕር ምን ሊሠራ ሄደ?

በ1815 ናፖሊዮን ተሸንፎ ሰላም ሲወርድ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ሥራ የፈቱ መርከቦችና በግማሽ ደመወዝ ቤታቸው የተቀመጡ እጅግ ብዙ መኮንኖች ቀሩት። በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ጸሐፊ የነበረው ጆን ባሮው ይህን ሥራ ፈት ኃይል ወደ አሰሳ አዞረው። ዋናው ምኞት ከአትላንቲክ ተነሥቶ በካናዳ ሰሜን በኩል ወደ ፓስፊክ የሚያወጣውን የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ ማግኘት ነበር። የኮምፓስን ጠባይ የሚወስነውን የምድር መግነጢስ መለካትም ሌላው ምክንያት ሲሆን፣ ይህ ለማንኛውም መርከበኛ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ስለነበረ እንደ ሰበብ ብቻ ሊታይ አይገባም። ለመኮንኑ ደግሞ ጦርነት በሌለበት ዘመን ማዕረግ የሚገኝበት አንዱ መንገድ ይኸው ነበር።

አሠራሩ ግን ከባሮው በፊትም ነበረ። በ1773 ሬስሆርስና ካርካስ የተባሉ ሁለት የቦምብ መርከቦች ከስቫልባርድ በስተሰሜን የበረዶ ግድግዳ እስኪያቆማቸው ድረስ ተጉዘዋል። በካርካስ ላይ ከነበሩት ልጆች አንዱ ኋላ የባሕር ኃይሉ ታላቅ አድሚራል የሆነው ሆራሺዮ ኔልሰን ነው፤ ዕድሜው ገና 14 ዓመት ነበር።

የቦምብ መርከብ ማለት ምን ማለት ነው? ለበረዶስ ለምን ተመረጠ?

የተለመደው የጦር መርከብ መድፎቹን በጎንና በጎኑ ደርድሮ ወደ ጎን በቀጥታ ይተኩሳል። የቦምብ መርከብ ግን በመካከሉ ሁለት ግዙፍ ሞርታሮችን ይሸከማል፤ የትልቁ ሞርታር አፍ ስፋት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ሞርታር ወደ ሰማይ ስለሚተኩስ ፈንጂው ከግንብ በላይ አልፎ ከተማ ውስጥ ይወድቃል። ችግሩ በእያንዳንዱ ተኩስ ሙሉው ግፊት የመርከቧን ወለል ወደ ታች የሚደቁስ መሆኑ ነው። ተራ መርከብ ይህን ጥቂት ጊዜ ብቻ ችሎ ይፈርሳል። ስለዚህ የቦምብ መርከብ የጎድን እንጨቶቹ ወፍራምና የተቀራረቡ፣ ወለሉም ከሥር በከባድ ተሸካሚ እንጨቶች የተደገፈ ሆኖ ይሠራል።

በረዶ ደግሞ መርከብን ከጎን ጨምቆ ነው የሚሰብረው። ሞርታር ለመሸከም የተሠራው አካል ይህን ጭመቃ ከሌሎች በተሻለ ይችላል። በዚያ ላይ ሞርታሮቹ ሲነሡ ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ የሚያስቀምጥ ሰፊ ሆድ ይገኛል። ወደ ጠረፍ እንዲጠጋ ተብሎ ስለተሠራም ብዙ ጥልቀት አይፈልግም። ቅልጥፍና ግን አልነበረውም። ኤሬበስም ሆነች ቴረር 30 ሜትር ጥቂት ያለፈ ርዝመት ያላቸው፣ ሰፋፊና ዘገምተኛ መርከቦች ነበሩ፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲነፍስ መርከበኞቻቸው ብዙ ይቸገሩ ነበር።

ስማቸው ምን ማለት ነው?

ኤሬበስ በግሪኮች ተረት የጨለማ ስም ነው፤ ቴረር ደግሞ በእንግሊዝኛ ሽብር ማለት ነው። ለቦምብ መርከቦች የእሳተ ገሞራን፣ የቁጣንና የሲኦልን ስም ማውጣት ልማድ ነበር። ከእነርሱ በፊት በአርክቲክ የሠሩት ሄክላና ፊዩሪም በዚሁ ልማድ የተሰየሙ ናቸው፤ ሄክላ በአይስላንድ የሚገኝ እሳተ ገሞራ ሲሆን ፊዩሪ ቁጣ ማለት ነው።

ወደ ዋልታ ከመላካቸው በፊት ጦርነት ላይ ውለው ያውቃሉ?

ቴረር አዎ። በ1813 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በቶፕሻም ተሠርታ ውኃ የነካች ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት በመስከረም ወር የባልቲሞርን ምሽግ ሌሊቱን ሙሉ ከደበደቡት አምስት የቦምብ መርከቦች አንዷ ነበረች። በአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ውስጥ በአየር ላይ እየፈነዱ ሰንደቁን ያሳዩ የተባሉት ቦምቦች የዚያ ሌሊት ቦምቦች ናቸው። ኤሬበስ በ1826 በዌልስ በፔምብሮክ የተሠራች ስለሆነች ያን ጦርነት አልደረሰችበትም፤ የመጀመሪያ አገልግሎቷ በሜዲትራኒያን ነበር።

ቴረር በረዶንም ከኤሬበስ ቀድማ ቀምሳለች። በ1836 በካፒቴን ጆርጅ ባክ መሪነት ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሄዳ በበረዶ ተይዛ ወራት አሳለፈች፤ በረዶው አንሥቶ ከገደል ጋር አጋጫት። በ1837 ስትለቀቅ አካሏ እየተላቀቀ ስለነበር በሰንሰለት ታስራ አትላንቲክን ተሻገረች፤ አየርላንድ ስትደርስ ልትሰጥም ጥቂት ቀርቷት ስለነበር ሆን ተብሎ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ወጣች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተጠግና እንደገና መላኳ ስለ መርከቧ ጥንካሬ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ላኪዎቿ ድፍረትም እንዲሁ።

በአንታርክቲካ ምን አገኙ?

በእኔ እምነት የሁለቱ መርከቦች ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ የኋላው መከራ ጥላ ስላጠላበት ግን ብዙም አይነገርለትም። ኤሬበስን ጄምስ ክላርክ ሮስ፣ ቴረርን አየርላንዳዊው ፍራንሲስ ክሮዚየር እየመሩ በ1839 ተነሡ። ሮስ በ1831 የሰሜኑን መግነጢሳዊ ዋልታ ያገኘ ሰው ስለነበር የደቡቡንም ሊያገኝ ፈልጎ ነበር። በጥር 1841 በተንሳፋፊ በረዶ መካከል ለቀናት እየገፉና እየተጋጩ ካለፉ በኋላ ዛሬ የሮስ ባሕር ወደሚባለው ክፍት ውኃ ወጡ። ከፊታቸውም ጭስና እሳት የሚተፋ ተራራ አዩ። በዚያ ሁሉ በረዶ መካከል የሚነድ እሳት ማየት ያልጠበቁት ነገር ነበር። 3,794 ሜትር ከፍታ ላለው ለዚህ ተራራ ኤሬበስ፣ ከጎኑ ላለው የተዳፈነ ተራራ ቴረር የሚል ስም ተሰጠ። በእሳተ ገሞራ ልማድ የተሰየመችው መርከብ በተራዋ ለእሳተ ገሞራ ስሟን አወረሰች።

ከተራራው ወዲያ ቀጥ ያለ የበረዶ ግንብ ባሕሩን ዘግቶ ቆመ። ሮስ ይህን ማለፍ በእንግሊዝ ዳርቻ ያሉትን የዶቨር ገደሎች ሰንጥቆ በመርከብ ለመሄድ እንደመሞከር ነው ብሎ ጽፏል። በሸራ ብቻ የሚሄድ መርከብ ያን ያህል ወደ ደቡብ ዘልቆ አያውቅም ነበር።

በመጋቢት 1842 ደግሞ የሚከተለው ሆነ። ጨለማ ነው፤ ነፋሱ በርትቷል፤ በረዶም ይዘንባል። ድንገት ከኤሬበስ ፊት አንድ የበረዶ ተራራ ብቅ አለ፤ እርሱን ለማምለጥ ስትታጠፍም ቴረር በሙሉ ሸራ እየመጣች ነበርና ተላተሙ። ገመዶቻቸው ተጠላልፎ አንዱ መርከብ በማዕበል ሲነሣ ሌላው እየወረደ ይፈጩ ጀመር። ሲላቀቁ ቴረር በሁለት የበረዶ ተራሮች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ሾልካ ወጣች። ኤሬበስ ግን የፊት ደቀሏ ተሰብሮ፣ ሸራዋ ተንጠልጥሎ፣ ወደ በረዶው ግድግዳ ትገፋ ነበር። ሮስ ሸራዎቹን ገልብጦ መርከቧን ወደ ኋላ እንድትሄድ አዘዘ፤ በማዕበል ውስጥ ይህን የሚሞክር የለም። መርከቧ ወደ ኋላ ሄደች፣ ከዚያም ዞራ በዚያው ክፍተት አለፈች። ሲነጋ ሁለቱም ተንሳፍፈው ተገናኙ። በ1843 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ።

መርከቦቹ ለበረዶ የሚዘጋጁት እንዴት ነበር?

የውጭ ገላቸው ሌላ የእንጨት ንጣፍ ይደረብበታል። ወለሉ ሁለት ድርብ ሆኖ በመካከሉ በሞራ የተነከረ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ይህ ውኃንም ብርድንም ይከላከላል። በ1845 በተደረገው እድሳት የሁለቱም አፍንጫ በብረት ተለበጠ፣ በውስጣቸውም የሞቀ አየር በቧንቧ የሚያሠራጭ ማሞቂያ ተተከለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከባቡር የተወሰዱ የእንፋሎት ሞተሮች መርከቦቹ ሆድ ውስጥ መግባታቸው ነው። ጉልበታቸው ትንሽ ስለነበር መርከቦቹን በሰዓት ከ7 ወይም ከ8 ኪሎ ሜትር አስበልጠው አይነዱም፤ የተጫነው የድንጋይ ከሰልም ቢሆን ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ነበር። የሚሽከረከረው ክንፍ በረዶ እንዳይሰብረው ወደ ላይ እንዲነሣ ተደርጎ ተሠርቷል።

ክረምቱን በበረዶ ውስጥ ማሳለፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ኤድዋርድ ፓሪ በ1819 ሄክላን ይዞ በሜልቪል ደሴት ሲከርም የጀመረው ሥርዓት ለሁሉም መመሪያ ሆነ፦ ወለሉን በድንኳን መክደን፣ ቲያትር ማሳየት፣ ጋዜጣ ማዘጋጀት። ፓሪ በመኝታ ክፍሉ የምድጃ ቧንቧ ጥግ በሣጥን አፈር ላይ ሰናፍጭና ፌጦ አብቅሎ ድዳቸው ለሚደማ ሕሙማን ይሰጥ ነበር። ቅጠሉ ብርሃን ስላላገኘ ነጭ ቢሆንም ሕሙማኑን ጠቅሟል።

የፍራንክሊን ጉዞ ምን ሆነ?

ግንቦት 19 ቀን 1845 ኤሬበስና ቴረር 134 ሰዎችን ይዘው ከቴምዝ ወንዝ ዳርቻ ከግሪንሂት ተነሡ። የጉዞው አዛዥ የ59 ዓመቱ ሰር ጆን ፍራንክሊን ሲሆን ቴረርን አሁንም ክሮዚየር ያዛት ነበር። ከግሪንላንድ አምስት ሰዎች ወደ አገራቸው ስለተመለሱ 129 ቀሩ። በሐምሌ ወር መጨረሻ ዓሣ ነባሪ አዳኞች በባፊን ባሕር አዩአቸው፤ ከዚያ በኋላ ያያቸው አውሮፓዊ የለም።

ከዚያ ወዲህ የምናውቀው ባብዛኛው ከአንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ መርከበኞች በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ አድርገው ባሕር ላይ የሚጥሉት የባሕር ኃይሉ የታተመ ቅጽ ሲሆን፣ ያገኘው ሰው ወደ ለንደን እንዲልከው በስድስት ቋንቋዎች ይለምናል። በመካከሉ በግንቦት 1847 ሁሉም ደኅና ነው ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ያው ወረቀት ከ11 ወር በኋላ ካለበት ወጥቶ በሌላ እጅ ጽሕፈት ጠርዝ ጠርዙ ዙሪያውን ተሞላ፦ መርከቦቹ ከመስከረም 12 ቀን 1846 ጀምሮ በበረዶ ተይዘዋል፤ ፍራንክሊን ሰኔ 11 ቀን 1847 ሞቷል፤ ከጉዞው 9 መኮንኖችና 15 መርከበኞች አልቀዋል፤ ሚያዝያ 22 ቀን 1848 መርከቦቹ ተትተው 105 ሰዎች በክሮዚየር መሪነት ወደ መሬት ወጥተዋል። ነገ ወደ ባክ ወንዝ እንነሣለን የሚል ሐረግ ጥግ ላይ ተጨምሯል። ወንዙ ያን ስም ያገኘው ቀድሞ የቴረር ካፒቴን ከነበረው ከጆርጅ ባክ ነው። ያን ጉዞ ጨርሶ የተረፈ አንድም ሰው የለም።

ወረቀቱ የተገኘው በ1859 ነው፤ ያገኙትም ባሕር ኃይሉ ፍለጋውን ካቆመ በኋላ የፍራንክሊን ባለቤት ጄን ፍራንክሊን በራሷ ገንዘብ የላከቻቸው ሰዎች ናቸው። እነዚሁ ሰዎች በኪንግ ዊልያም ደሴት ዳርቻ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ከባድ መጎተቻ ላይ የተጫነ ጀልባ አገኙ። በውስጡ የሁለት ሰዎች አፅም፣ የቤት ውስጥ ጫማ፣ የሐር መሐረብ፣ የብር ሹካና ማንኪያ፣ ሻይና ብዙ ቸኮላት ነበር። የጀልባው አፍንጫ የዞረው ወደ ደቡብ ሳይሆን ትተዋቸው ወደ መጡት መርከቦች ነው።

ሰዎቹን የገደላቸው ምንድን ነው?

አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ በካናዳ ሰሜን ባለችው በቢቺ ደሴት ከተቀበሩት የጉዞው መርከበኞች አስከሬን እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት በብዛት በመገኘቱ ጥፋቱ በታሸገው ምግብ ቆርቆሮ መበየጃ ላይ ተጥሎ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግን የእርሳሱን ድርሻ አሳንሰውታል። የሳንባ በሽታ፣ ብርድ፣ ረሃብና ድካም ተደማምረዋል ማለቱ ይቀላል። የሰው ሥጋ እስከ መብላት መድረሳቸውን የአርክቲክ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት ኢኑይቶች በ1854 ለአሳሹ ለጆን ሬ ነግረውታል። ሬ ይህን ሲያቀርብ ለንደን ተቆጣችበት፤ በአጥንቶቹ ላይ የተገኙት የቢላ ምልክቶች ግን የኢኑይቶቹን ቃል አጽንተዋል። በ2024 በዘረመል ምርመራ ማንነቱ የታወቀው የኤሬበስ ካፒቴን ጄምስ ፊትዝጄምስ መንጋጋ ይህ ምልክት አለበት።

ለእኔ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። በ1903 ኖርዌያዊው አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን 47 ቶን የምትመዝን የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ይዞ፣ ስድስት ሰዎች አስከትሎ፣ በዚያው በኪንግ ዊልያም ደሴት ሁለት ክረምት ከረመ። ከኢኑይቶች ልብስ አሰፋፍንና ውሻ መንዳትን ተማረ፤ በ1906ም መተላለፊያውን ጨረሰ። ያ ምድር ሰባት ሰው ይመግባል፤ 105 ሰው ግን አይመግብም።

መርከቦቹን ለማግኘት ለምን ከ160 ዓመት በላይ ፈጀ?

የሚያውቁት ሰዎች ስላልተሰሙ ነው ብል አላጋነንኩም። ኢኑይቶች አንዷ መርከብ ወደ ደቡብ ሄዳ ከአዴሌይድ ልሳነ ምድር አጠገብ እንደሰጠመች ከመጀመሪያው ይናገሩ ነበር። ኤሬበስ በመስከረም 2014 በ11 ሜትር ጥልቀት ላይ የተገኘችው በዚያው አካባቢ ነው።

የቴረር ደግሞ ይብሳል። በኪንግ ዊልያም ደሴት ባለችው መንደር በጆዋ ሄቨን የሚኖሩት ኢኑይት ሳሚ ኮግቪክ ከዓመታት በፊት ለዓሣ ማጥመድ ሲሄዱ ከባሕሩ በረዶ ውስጥ ቀጥ ብሎ የወጣ እንጨት አይተው፣ አጠገቡ ሆነው ፎቶ ተነሥተው፣ ካሜራቸውን ግን ጥለውት ነበር። ማን ያምነኛል ብለው ዝም አሉ። በ2016 ለፈላጊዎች ሲነግሩ የፈላጊዎቹ መርከብ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደዚያ ሄደ፤ ቴረርም በ24 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘች። የባሕረ ሰላጤው ስም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ቴረር ቤይ ነው።

የዋይት ሀውስ ጠረጴዛ ከዋልታ መርከብ ተሠራ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ፍራንክሊንን ፍለጋ ከተላኩት መርከቦች አንዷ የሆነችው ሬዞሉት በበረዶ ተይዛ በአዛዡ በኤድዋርድ ቤልቸር ትእዛዝ በግንቦት 1854 ተተወች። ሰው ሳይኖርባት ከበረዶው ጋር 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ በ1855 አንድ የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ አገኛት። የአሜሪካ ምክር ቤት በ40,000 ዶላር ገዝቶ፣ አሳድሶ፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ መለሳት። በ1879 ስትፈርስ ከእንጨቷ ጠረጴዛ ተሠርቶ በ1880 ለፕሬዚዳንት ሄይስ ተላከ፤ ብዙዎቹ ፕሬዚዳንቶች የፈረሙበት ጠረጴዛ እርሱ ነው። ቤልቸር አራት መርከቦችን ትቶ በመምጣቱ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ቢባልም፣ ሰይፉ የተመለሰለት አንድም የምስጋና ቃል ሳይታከልበት ነው።

የሌሎች አገሮች ባሕር ኃይሎችስ?

የሩሲያ ቮስቶክና ሚርኒ በቤሊንግስሃውዘንና በላዛሬቭ መሪነት በጥር 1820 የአንታርክቲካን በረዶ አይተዋል። ሮስ ደቡብ በነበረበት ዘመን የፈረንሳይ አስትሮላብና ዜሌ፣ የአሜሪካም ቪንሴንስ እዚያው ነበሩ። የአርጀንቲና ኮርቬት ኡሩጓይ በ1903 መርከባቸው የሰጠመችባቸውን ስዊድናውያን አውጥታ ዛሬ በቦነስ አይረስ ሙዚየም ሆናለች። በ1916 የአንታርክቲካ አሳሹን የሻክልተንን 22 ሰዎች ከኤሌፋንት ደሴት ያወጣችው ዬልቾ የቺሊ ባሕር ኃይል ትንሽ ጎታች መርከብ ናት። የአሜሪካዋ ጃኔት ግን ቀድሞ የብሪታንያ የጦር ጀልባ የነበረች ስትሆን በ1881 ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተደቁሳ ሰጠመች፤ ከ33 ሰዎች 20 ሞቱ። ዕቃዋ ከዓመታት በኋላ በግሪንላንድ ዳርቻ መገኘቱ ኖርዌያዊውን አሳሽ ፍሪድሾፍ ናንሰንን በረዶው ራሱ ይጓዛል ወደሚል ሐሳብ መራው።

ፍራም የባሕር ኃይል መርከብ ናት?

አይደለችም። ናንሰን ከዚያ ሐሳብ ተነሥቶ በ1892 ያሠራት ናት። ጎኗ ክብ ስለሆነ በረዶው ሲጨምቃት ወደ ላይ ትነሣለች፤ የቦምብ መርከቦቹ ደግሞ ጭመቃውን ተቋቁመው እንዲቆሙ ነበር የሚጠበቀው።

ዛሬ የኤሬበስንና የቴረርን ስባሪዎች መጎብኘት ይቻላል?

ለሕዝብ ክፍት አይደሉም። ቦታው የካናዳ መንግሥትና ኢኑይቶች በጋራ የሚያስተዳድሩት ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ሲሆን፣ በበጋ ወራት የጆዋ ሄቨን ነዋሪዎች በአቅራቢያው ድንኳን ተክለው ይጠብቁታል። ቴረር በጥልቅ ውኃ ስላለች ሳህኖቿ እንኳ በመደርደሪያቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ያለችውን ኤሬበስን ግን ማዕበል በየዓመቱ ያፈራርሳታል፤ ጠላቂዎችም በየበጋው በረዶው በሚከፈትባቸው ጥቂት ሳምንታት ዕቃዎቿን እየለቀሙ ያወጣሉ። መጀመሪያ ያወጡት 1845 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን ደወሏን ነው።